ቡናው ለምን ይለያያል?

ከቦንጋ ተነስቶ በውሽውሽ የሻይ ልማት አድርጎ ወደ ሚዛን የሚዘልቀው መንገድ ሺሺንዳ ሲደርስ ቡና በግራም በቀኝም ነው። በየደጁ ከእንሰቱ ጋር የቆመ የጓሮ ቡና አለ። ትንሽ ዘለቅ ሲሉ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቁጥቋጦው እየተመነጠረ የሚለቀም ከፊል የጫካ ቡና አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማንም ያልተከለው፣ በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ይገኛል። ለቀማ ሲገባ ከሦስቱም የተለቀመው ቀይ እሸት በጆንያና በቅርጫት ሆኖ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይወርዳል፤ ወይም እዚያው ደጅ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በፍሬው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ዋጋውን ይለውጠዋል። እሸቱ ሳይፈለፈል ማደሩ፣ በማብላያ ገንዳ ውስጥ ከልክ በላይ መቆየቱ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳለ ዝናብ ማግኘቱ ሁሉ በመጨረሻ ስኒው ውስጥ ይወጣል። ካፋ ደግሞ ዝናብ በቀላሉ የማይለቀው አገር ነው፤ የለቀማው መጀመሪያ ከክረምቱ ጅራት ጋር የሚገናኝበት ዓመት ብዙ ነው።

ቡና የሚገዛም የሚያዘጋጅም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ከአንድ ቀበሌ የተለቀመ፣ በአንድ ጣቢያ የታጠበ፣ ያው ሠራተኛ ያገላበጠው ቡና፣ የማክሰኞው ንጹሕና ጣፋጭ ሆኖ ሳለ የዓርቡ የሻጋታ ጠረን ይይዛል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማን አበላሸው?» የሚል ነው። ለቃሚው ይወቀሳል፣ አልጋ ጠባቂው ይቀጣል፣ ሰብሳቢው በጀርባው ይታማል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያው ልዩነት ተመልሶ ይመጣል።

ይህንን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ የተካው ሐሳብ የተወለደው ከቡና በጣም ርቆ፣ ስልክ በሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ነው። ዋልተር ሽዋርት የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1924፣ ማለትም ግንቦት 8 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ ለአለቃው አንዲት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በገጿ ላይ አንድ ንድፍ ነበረ። መሐል ላይ የአማካዩ መስመር፣ ከላይና ከታች ሁለት የወሰን መስመሮች፣ በመካከላቸው በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ነጥቦች። ዛሬ በመላው ዓለም በፋብሪካና በሆስፒታል፣ በቤተ ሙከራና በመጋዘን የሚሠራበት የቁጥጥር ሰንጠረዥ የተጀመረው ከዚያች ገጽ ነው።

ሽዋርት የተቀጠረበት ዌስተርን ኤሌክትሪክ ቺካጎ አጠገብ ሃውቶርን የሚባል ግዙፍ ፋብሪካ ነበረው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስልክና የስልክ መሣሪያ ይሠሩበት ነበር። በዚያ ዘመን ጥራት መጠበቅ ማለት መመርመር ነበር። ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መርማሪ ያየዋል፣ ደኅናው ያልፋል፣ ብልሹው ይጣላል ወይም ተመልሶ ይጠገናል። ዘዴው ሁለት ችግር ነበረበት። መርማሪው ብልሹውን ባገኘበት ሰዓት ብረቱም ጉልበቱም ጊዜውም አንዴ ባክኗል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ምርመራው የነገውን ብልሽት የማያስቀር መሆኑ ነው። አሠራሩን የሚያስተካክሉ ሲመስላቸው በየቀኑ ማሽኑን የሚነካኩ ሰዎች ዕቃውን ይበልጥ ያዘበራርቁት ነበር።

ሽዋርት ነገሩን ሲያስረዳ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቀላል ሙከራ አስቀምጧል፤ አንድን ፊደል ደጋግሞ መጻፍ። አንባቢም እዚሁ ሊሞክረው ይችላል። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በጥንቃቄ ሀያ ጊዜ «ሀ» ብሎ ይጻፍ። ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት «ሀ» አያገኝም። እጁም ዓይኑም ወረቀቱም ያው ናቸው፤ ግን ጥቃቅን ምክንያቶች ተደማምረው እያንዳንዱን ፊደል በጥቂቱ ያዛንፉታል። በመካከል አንድ ሰው ክርኑን ቢገፋው ግን የዚያች ፊደል እግር ተወርውሮ ይወጣል፤ ምን እንደሆነም ወዲያው ይታወቃል። የመጀመሪያው መዋዠቅ ከአሠራሩ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ሁለተኛው ከውጭ የመጣ፣ ተፈልጎ የሚገኝ ምክንያት አለው።

ዘመናዊው የጥራት አስተሳሰብ በአብዛኛው የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው ሽዋርት ሂሳብ ያስፈለገው።

ሂሳቡ ራሱ ከመጠጥ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከሽዋርት በፊት ዊልያም ጎሴት የተባለ ኬሚስት ዳብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ገብሱና ጌሾ መሰሉ ሆፕ ከእርሻ እርሻ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያሉ፤ መሞከር የሚቻለው ግን በጥቂት ናሙና ብቻ ነው። ከጥቂት ናሙና ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል? ጎሴት መልሱን በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ፤ ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና። የእህል ባሕርይ መለያየት ያስጨነቀው የጠማቂ ቤት ሰው የሠራው ቀመር እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል።

ወደ ሺሺንዳ እንመለስና ሰንጠረዡ ቡና ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ከአልጋ ወርዶ ወደ መጋዘን የሚገባውን የታጠበ ቡና እርጥበት ለ30 ቀናት መዘገበ እንበል። አማካዩ 11.4 በመቶ ሆነ። ከቀን ወደ ቀን ያለው ከፍና ዝቅ ሲሰላ ደግሞ የጣቢያው የተፈጥሮ ወሰኖች 9.9 እና 12.9 ላይ አረፉ። አንድ ቀን መለኪያው 13.6 አሳየ። ይህ ከወሰኑ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌሊት ላስቲኩ ተቀዶ ዝናብ ገብቷል? መለኪያው ባትሪ ደክሞበታል? ሌላ አልጋ ላይ ያለ እርጥብ ቡና ተቀላቅሏል? ምክንያቱ የዚያን ቀን ነውና የሚጠየቀውም የዚያን ቀን የነበረው ሰው ነው።

በሌላ ቀን መለኪያው 12.7 አሳየ። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለአባል አገሮቹ ከ12.5 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው ቡና ወደ ውጭ እንዳይላክ መክሯል፤ ስለዚህ 12.7 ያስደነግጣል፣ አልጋ ጠባቂውም ይጠራል። ሰንጠረዡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። 12.7 በወሰኖቹ ውስጥ ነው፤ ጣቢያው እንደወትሮው ሲሠራ አልፎ አልፎ የሚያወጣው ቁጥር ነው። የዚያን ቀን የተለየ ጥፋት የለም። ሠራተኛው ቢቀጣ፣ ቢለወጥ፣ ቢመከርም 12.7 ተመልሶ ይመጣል። ይህን ማስቀረት የሚቻለው አሠራሩ ራሱ ሲለወጥ ነው፦ ተጨማሪ አልጋ ሲሠራ፣ ቡናው ሳሳ ብሎ ሲሰጣ፣ የሽፋኑ ላስቲክ ሲታደስ፣ በአንድ ቀን የሚገባው እሸት ከአልጋው አቅም ጋር ሲመዛዘን። እነዚህን ደግሞ መወሰን የሚችለው የጣቢያው ባለቤት ወይም የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ እንጂ ቡናውን የሚያገላብጠው ሠራተኛ አይደለም።

ሁለቱን ማምታታት በሁለቱም አቅጣጫ ዋጋ ያስከፍላል። ላስቲኩ የተቀደደበትን ቀን «ያው እንደተለመደው ነው» ብሎ ማለፍ አንድ ስህተት ነው። የተለመደውን ከፍና ዝቅ በየቀኑ እንደ ልዩ ክስተት እያሳደዱ ማስተካከልም ሌላ ስህተት ነው። ተቆጣጣሪው 12.3 ሲያይ «አሳሱት»፣ በማግስቱ 10.8 ሲያይ «አወፍሩት» እያለ ከቁጥር ቁጥር ቢሮጥ፣ መዋዠቁን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ይህ በሂሳብም የተረጋገጠ ነው፤ የተረጋጋን አሠራር በየመለኪያው ልክ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ ሰው የመዋዠቁን መለኪያ፣ ቫሪያንስ የሚባለውን፣ እጥፍ ያደርገዋል። ሽዋርት ወሰኖቹን ከአማካዩ በሦስት እጥፍ መደበኛ ልይይት (የመዋዠቁ ስፋት መለኪያ) ያራቃቸው ሁለቱ ስህተቶች የሚያስከትሉትን ኪሳራ አብሮ ለማቃለል ነው።

ይህንን ሐሳብ ከፋብሪካ ወለል አውጥቶ የአስተዳደር ጉዳይ ያደረገው ግን ሌላ ሰው ነው። ዊልያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ የናሙና ጥናት ባለሙያ ነበር፤ የሽዋርትን የ1939 መጽሐፍም ለኅትመት ያዘጋጀው እሱ ነው። ዴሚንግ በስብሰባዎቹ ላይ በተደጋጋሚ የሚያሳየው አንድ ሙከራ ነበረው። ሳጥን ውስጥ 3,200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃ ይጨምራል። ከተሰብሳቢው መካከል ስድስት ሠራተኞች ይመርጣል። ሃምሳ ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ ዶቃ እንዲያወጡ ያዛል፤ ነጭ ብቻ እንዲያመጡም ያስጠነቅቃል። ቀይ ያበዛውን ይገሥጻል፣ ቀይ ያሳነሰውን ይሸልማል፣ በሚቀጥለው ዙር የተሸለመው ቀይ ሲያበዛ ያዝናል። አዳራሹ ይስቃል፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ይቀዘቅዛል። ቀዩ ዶቃ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው በትጋትም በስንፍናም ሊለውጠው አይችልም። ዴሚንግ በግምቱ ከችግሮች 94 በመቶው የአሠራሩ፣ ማለትም የአስተዳዳሪው ኃላፊነት ናቸው፤ የልዩ ምክንያት የሆኑት 6 በመቶ ብቻ ናቸው ይል ነበር።

በቡና አገር ሳጥኑን ማግኘት ከባድ አይደለም። ለቃሚ በኪሎ የሚከፈለው ከሆነ፣ አረንጓዴውም ቀዩም እኩል ይመዝንለታል። ገዢው ደግሞ ለቀይ እሸትና ለድብልቁ አንድ ዋጋ ከሰጠ፣ አንድን ዛፍ እየተመላለሱ የበሰለውን ብቻ መልቀም ለገበሬው ድካም ብቻ ይሆናል። በዚህ ክፍያ ሥር አረንጓዴ ፍሬ ገባ ብሎ ለቃሚን መቆጣት፣ ዴሚንግ መድረክ ላይ እያስመሰለ ያደርገው የነበረውን በእውን ማድረግ ነው። የቡና ጥራት ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ ገበሬውን በማስተማር ይጀምራሉ፤ ትምህርቱም ይጠቅማል። ክፍያው ሳይለወጥ ግን ትምህርቱ ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

ዴሚንግ በ1950 ክረምት የጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ኅብረት ጋብዞት ቶኪዮ ሄደ። መሐንዲሶችን ካስተማረ በኋላ የታላላቅ ኩባንያዎችን መሪዎች አነጋገረ። ጦርነት ያደቀቃትና ዕቃዋ በርካሽነቱ የሚታወቅ አገር ሰዎች አሜሪካ ራሷ ከጦርነቱ በኋላ ችላ ያለችውን ትምህርት ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። በ1954 የጥራት ባለሙያው ጆሴፍ ጁራን መጥቶ የአስተዳዳሪውን ድርሻ አስተማረ። ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ ደግሞ ነገሩን ወደ ወለሉ አወረደው። ከ1962 ጀምሮ በየፋብሪካው የተስፋፉት የጥራት ቡድኖች ተራ ሠራተኞች ራሳቸው ቁጥር እየመዘገቡ የመዋዠቁን ምንጭ የሚፈልጉባቸው ነበሩ። ካይዘን የሚባለው ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ልማድ የበሰለው በዚህ አየር ውስጥ ነው። አሜሪካኖች ዴሚንግን እንደገና ያገኙት በ1980 ስለ ጃፓን የተሠራ የቴሌቪዥን ዘገባ ካሳያቸው በኋላ ነው።

ኢትዮጵያና ይህ የጃፓን ትምህርት በ2008 በሁለት በኩል ተገናኙ። በአንድ በኩል የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ካይዘንን ወደ አገር ለማምጣት ጃፓንን ድጋፍ ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ በ30 ያህል ፋብሪካዎች ሙከራ ተደረገ፤ በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ። በሌላ በኩል በዚያው 2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘችና ገበያው ክፉኛ ተናጋ። የካፋና የአካባቢው ገበሬ የጫካ ቡናውን መድኃኒት አይረጭም። ጥርጣሬው ወደ ጆንያው አመራ፤ ቡናው በተጓዘበት ከረጢት ላይ ባለ ኬሚካል።

ይህ ክስተት ለጥራት አስተሳሰብ እንደ መማሪያ ሊወሰድ የሚችል ነው። ከወሰኑ ውጭ የወጣ ነጥብ ታየ፤ ልዩ ምክንያት እንዳለውም ግልጽ ነበር። ነገር ግን ያ ጆንያ ከየት ተነስቶ፣ በየትኛው መጋዘን አልፎ፣ ከማን ቡና ጋር ተደባልቆ ወደብ እንደደረሰ ወደ ኋላ ተከትሎ ለማግኘት የሚያስችል መዝገብ አልነበረም። ልዩ ምክንያትን ማግኘት የሚቻለው ዱካው ሳይጠፋ ነው። ዱካው ከጠፋ የአንድ ከረጢት ጥፋት የአገር ሁሉ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል፤ የሆነውም እሱ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና በአዲሱ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ጀመረ። ምርት ገበያው ቦንጋን ጨምሮ በየቡና አካባቢው መጋዘን ከፈተ። ቡናው እዚያ ናሙና ይወሰድለታል፣ በጥሬው ይታያል፣ ተቆልቶም ይቀመሳል። ለታጠበ ቡና ከመቶው 40 ለጥሬው፣ 60 ለስኒው ይሰጣል። ደረጃ ከተሰጠው በኋላ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ደረጃና በአንድ መነሻ ስም ይሸጥ ነበር። ለገበሬውና ለአቅራቢው ትልቅ ለውጥ ነበር። ዋጋ በግልጽ ታወቀ፣ ክፍያ በፍጥነት ገባ፣ ከነጋዴ ጋር በእምነት ብቻ የሚደረገው ግብይት ቀረ። ይህን ጥቅም ማሳነስ ተገቢ አይሆንም።

ከመዋዠቅ አንጻር ሲታይ ግን ከባድ ዋጋ ተከፍሎበታል። በአንድ ደረጃ ውስጥ የገባ ቡና ሁሉ እኩል ተቆጠረ። በጥንቃቄ የደረቀው የአንዱ ጣቢያ ቡና፣ ደረጃውን በጭንቅ ካገኘው የሌላው ቡና ጋር ተደባለቀ። ገዢው የወደደው ቡና ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር፤ አዘጋጁም ቡናው በማን ስኒ ምን ጣዕም እንደሰጠ አይሰማም ነበር። ልዩነቱ ግን ነበረ፣ ተደብቆ።

መኪና ሠሪዎችም ይህንኑ ተምረዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ ለአንድ ዓይነት መኪናው ማርሽ ሳጥን ከፊሉን ራሱ ይሠራ ነበር፣ ከፊሉን በዚያው ንድፍ የጃፓኑ ማዝዳ ይሠራለት ነበር። ደንበኞች በማዝዳ የተሠራው ያለበትን መኪና የበለጠ ወደዱ፤ ቅሬታውም ያንስ ነበር። መሐንዲሶቹ ሁለቱን ፈተው ሲለኩ የፎርድ ክፍሎች አንዳቸውም ከተፈቀደው ልክ አልወጡም፤ ሁሉም አልፈዋል። የማዝዳዎቹ ግን ሁሉም ወደ መሐሉ ተጠግተው፣ እርስ በርስ ሊለዩ እስኪያዳግት ተቀራርበው ነበር። «ደረጃውን አልፏል» ማለት በቂ እንዳልሆነ ያስተማረ ምሳሌ ነው።

በስኒ በኩል ደግሞ የልዩ ቡና ቀማሾች ይህን ከረጅም ጊዜ በፊት በቅጻቸው ውስጥ አካትተውታል። ለዓመታት ባገለገለው ዓለም አቀፍ የቅምሻ ቅጽ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀዳል። እያንዳንዱ ስኒ ለብቻው ተፈጭቶ ለብቻው ይቀርባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዲት የኮመጠጠች ወይም የሻገተች ፍሬ ከአምስቱ በአንዱ ስኒ ውስጥ ብቻ ልትወድቅ ትችላለች። ቅጹ «ወጥነት» ለሚባለው አሥር ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ስኒ ሁለት። አራቱ ስኒ ውብ ሆኖ አምስተኛው ቢለይ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል። ልዩ ቡና ለመባል ከመቶ 80 ያስፈልጋል፤ ብዙ ጥሩ ቡና በዚያች መስመር አካባቢ ስለሚያንዣብብ ሁለት ነጥብ የዋጋ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ነው አንድ አልጋ ላይ ሳይገላበጥ የቀረ ጥግ ዋጋ የሚያስከፍለው።

ካፋ ላይ ሲደርስ ግን የመዋዠቅ ትምህርት ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚህ ሁለት ዓይነት ልዩነት አለ፤ አንዱን ማጥፋት ይገባል፣ ሌላውን መጠበቅ። የካፋ ጫካ የአረቢካ ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት ነው። ዛፎቹ በቅጠላቸው፣ በፍሬያቸው፣ በሽታን በመቋቋማቸው እርስ በርስ ይለያያሉ። ዩኔስኮ በ2010 የካፋን ባዮስፌር ክልል የመዘገበውም ይህን ሀብት ይዞ ነው። ልዩነቱ ምን እንደሚጠቅም በ1971 ታይቷል። የቡና ፍሬ አበስብስ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ባለሙያዎች በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና ማሳዎች እየፈለጉ መረጡ። ዛሬ በሰፊው የሚተከሉት 74110 እና 74112 የመሳሰሉ ዝርያዎች ቁጥራቸው የሚጀምረው በምርጫው ዓመት፣ በ1974 ነው። ዛፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ የሚመረጥ ነገር ባልተገኘ ነበር።

ስለዚህ በሺሺንዳ «ወጥ ቡና» ሲባል ሁሉም ገበሬ አንድ ዝርያ ይትከል ማለት ሊሆን አይገባም። በጫካው ውስጥ ያለው ልዩነት ሀብት ነው፤ በገንዳውና በአልጋው ላይ ያለው ልዩነት ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ሲቀንስ የመጀመሪያው ይበልጥ ይታያል። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ከተፈለፈለ፣ በገንዳ ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት በቅዝቃዜውና በሙቀቱ ልክ ከተጠበቀ፣ አልጋው ላይ እኩል ከደረቀ፣ ከዚያ በኋላ በስኒው ውስጥ የሚቀረው ጣዕም የዛፉና የአፈሩ ነው። የካፋ ቡና ለዘመናት በአብዛኛው በጅማ ስም፣ ከሌላ አካባቢ ቡና ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ ኖሯል። የራሱን ስም ይዞ እንዲወጣ ለሚጥሩት፣ በ2004 ቦንጋ ላይ የተቋቋመውን የካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ጨምሮ፣ የአዘገጃጀት መዋዠቅን መቀነስ የስማቸው ጉዳይ ነው።

ሕጉም ወደዚህ መንገድ ከፍቷል። በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቡና ከነመነሻው ተለይቶ እንዲሸጥ ዕድል ሰጠ፤ አምራችና ላኪ በቀጥታ መገናኘት ቻሉ። በየክልሉ አነስተኛ ጣቢያዎች የራሳቸውን ቡና ለይተው ማቅረብ ጀመሩ። ይህ ሲሆን ቀድሞ በመደባለቅ ተደብቆ የነበረው ልዩነት ፊት ለፊት ወጣ። ያንን ማየት መጀመሪያ ሊያስጨንቅ ይችላል፤ የራሱን መዋዠቅ የሚያይ ጣቢያ ግን ሊቀንሰው ይችላል።

በአገራችን የካይዘን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ማጣራትና ማጽዳትን በመሳሰሉት፣ ሁሉም በ«ማ» በሚጀምሩት ተግባራት፣ በአምስቱ ማዎች ነው። ቅጥሩ ሲጸዳ፣ መሣሪያው ቦታ ቦታውን ሲይዝ ለውጡ በዓይን ይታያል፤ ሠራተኛውም ይደሰታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ ግን ጸጥ ያለ ነው፦ በየቀኑ መለካት፣ መጻፍ፣ ነጥቡን በሰንጠረዡ ላይ ማስፈር፣ ከወሰን ውጭ ሲወጣ መጠየቅ፣ ውስጥ ሲሆን አሠራሩን መመርመር። የጃፓን ፋብሪካዎችን የለወጠው ይህኛው ክፍል ነው፤ እዚህም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ይህኛው ክፍል ነው።

ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስፈልገው መዝገብ ረጅም አይደለም። እሸቱ የመጣበት ሰዓትና ቀበሌ፣ የአረንጓዴው ድርሻ፣ ገንዳ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የአልጋው ቁጥር፣ ዝናቡ የመጣበት ጊዜ፣ ወደ መጋዘን ሲገባ ያለው እርጥበት። ስድስት ዓምድ ያለው ደብተር ይበቃል። በሁለት የለቀማ ወቅት ውስጥ ጣቢያው የራሱን ወሰን ያውቃል፤ የትኛው ቀን የዝናቡ፣ የትኛው የአሠራሩ እንደሆነም ይለያል።

ለዚህ የሚያግዝ ነገር ከውጭም እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ደንብ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በጂፒኤስ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ የሚጀመርበት ጊዜ ቢራዘምም ዝግጅቱ በመላ አገሪቱ ተይዟል። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ናትና ጉዳዩ ካፋን በቀጥታ ይነካዋል። ለደን ሲባል የሚሰበሰበው የማሳ መዝገብ ከጣቢያው የአልጋ ደብተር ጋር ከተገናኘ፣ እያንዳንዱ የቅምሻ ውጤት ወደ መጣበት ማሳና ቀን ሊመለስ ይችላል። የእርጥበት መለኪያ መግዛት አንድ ማኅበር የሚችለው ነገር ነው። የቅምሻውን ውጤት ግን የሚቀጥለው ለቀማ ከመግባቱ በፊት ሺሺንዳ ላሉት ገበሬዎች እጅ ማድረስ ዩኒየኑን፣ ዞኑንና ገዢውን አንድ ላይ ይጠይቃል።